ወደ ቆላ የወረደው ሞተር

መካኒሳ አቦ
ጥቅምት 8 ቀን 1988 ዓ.ም.

እህቴ ቤተልሄም፣

ሙቀቱ ጋብ ብሎልሻል ወይ? እዚህ ክረምቱ ከወጣ ወዲህ የጠዋቱ ብርድ አጥንት ይገባል፤ ይህን ስጽፍልሽ ጃኬቴን አላወለቅኩም። እማዬ ከጉልበቷ በቀር ደህና ናት። ሰላም በልልኝ ብላለች።

የጤና ጣቢያችሁ ላንድሮቨር በሱልጣን የጥጥ መኪና ተሳቢ ላይ ተጭኖ ደርሷል። ሾፌራችሁ ቀጄላም አብሮ መጥቶ እኛው ቤት አርፏል። «መቼ ያልቃል?» ላልሽው፣ ሞተሩን ሳልከፍት መልስ መስጠት ስላልፈለግኩ ነው የዘገየሁብሽ። አሁን ተከፍቷል። አንዱ ፒስተን አናቱ ተሰንጥቋል፣ የቀሩት ጎናቸው ተበልቷል። ዘይት ሲጠጣ የከረመው ለዚህ ነው። ሲሊንደሮቹን ንፋስ ስልክ ወስጄ ቶርኖ ቤት አስፍቻቸዋለሁ፤ ስለዚህ ከበፊቱ ወፈር ያሉ አዲስ ፒስተኖች ያስፈልጋሉ። ሶማሌ ተራን ከዳር እስከ ዳር ዞሬ ልካቸው የሆነ አገኘሁ። ችግሩ አናታቸው ላይ ነው። አሮጌዎቹ አናታቸው እንደ ሳህን ጎድጎድ ያለ ነበር፤ አዲሶቹ ልሙጥ ናቸው። ቀጄላ «ከገቡ ምን ቸገረህ?» ይለኛል። መግባቱንስ ይገባሉ። ግን ያ ጎድጓዳ ነገር ለጌጥ የተሠራ አይደለም፤ አየርና ቤንዚኑ ሲታመቅ የሚያርፍበት ቦታ ነው። ቦታው ሲጠፋ ሞተሩ ምን ያህል እንደሚያምቅ ሳልለካ አልገጥምም።

ለመለኪያው አንድ ትልቅ ሲሪንጅ ላኪልኝ። መካኒሳ ያለው መድኃኒት ቤት ትንንሾቹን ብቻ ነው የሚሸጠው።

ሌላው ጥያቄሽ፣ እማዬ ስለ ኤልያቄም ታነሳ እንደሆነ ነው። አታነሳም። አምና ሽማግሌዎቹን «ጴንጤ ለሆነ ሰው ልጅ የለኝም» ብላ ከመለሰቻቸው ወዲህ ስሙ በዚህ ቤት ተጠርቶ አያውቅም። አንቺም ቀርቷል ብለሽ ጽፈሽልናል፤ እኔም ከዚያ ወዲያ አልቆሰቆስኩትም። አሁን ለምን እንደጠየቅሽኝ ግን አልገባኝም።

በመስቀል ለምን እንዳልመጣሽም አልጻፍሽልኝም። እግርሽ አብጧል ሲባልም ሰምቻለሁ።

ወንድምሽ ሙሉሰው


መልካ ወረር
ጥቅምት 20 ቀን 1988 ዓ.ም.

ጋሼዬ፣

ሲሪንጁን ሱልጣን ይሰጥሃል። ባለ ሃምሳ ሲሲ ነው። ሐኪሙ ለምን እንደፈለግኩት ቢጠይቀኝ «ለታመመ ሞተር» አልኩት፤ ስቆ ሰጠኝ። እስኪ ሞተር በሲሲ እንዴት እንደሚለካ አስረዳኝ። ሲሲ እኮ የእኔ ቋንቋ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ስለካ ነው የምውለው፣ አንተ ጋ ምን ሊሠራ እንደሄደ ማወቅ አለብኝ።

በመስቀል ያልመጣሁት በወባ ምክንያት ነው። የጥጥ ለቀማው ደርሶ ሰው ከደጋ እየጎረፈ ነው። በመጡ በሳምንታቸው ይወድቃሉ። አልጋ ሞልቶብን በረንዳው ላይ ምንጣፍ አንጥፈን ነው የምናክመው። እንዲህ እያለ ጥዬ ብመጣ አንተው ራስህ ትቆጣኝ ነበር።

እግሬ ማበጡን ማን ነገረህ? ቀጄላ ከሆነ ብዙ አትጠይቀው፣ ሥራው መንዳት ነው። ቆሞ መዋል ያሳብጣል፤ ሌላ ነገር የለውም። ለእማዬ አትንገራት፣ ጨውና ቅጠል ሰብስባ ትልክልኛለች። ፎቶዬን ግን ላክሁላት። እዚህ አንድ ካሜራ ያለው ሰው ነው ያነሳኝ።

ጋሼ፣ መኪናው በኅዳር መጨረሻ እዚህ ቢሆንልኝ። ለምን በኅዳር ብለህ አትጠይቀኝ። ምክንያት አለኝ ብያለሁ፣ በቃ ምክንያት አለኝ። ልሙጥም ሆነ ጎድጓዳ ገጥመህ ላክልኝ።

ቤተልሄም


መካኒሳ አቦ
ኅዳር 2 ቀን 1988 ዓ.ም.

እህቴ፣

ሲሪንጁ ሠርቷል። እንዳስረዳሽ ጠይቀሽ የለ፣ እንግዲህ ታገሺኝ።

የሞተሩን ክዳን፣ እኛ ቴስታ የምንለውን፣ ገልብጬ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። በእያንዳንዱ ሲሊንደር ትይዩ እንደ ጭልፋ የጎደጎደ ክፍል አለው። መሃሏ ቀዳዳ ያላት መስታወት ከደንኩበት፤ ዳሩን በግሪስ አሸግኩ። ከዚያ በቀዳዳዋ በኩል ቀጭን ዘይት በሲሪንጅሽ እያንጠባጠብኩ፣ ከመስታወቱ ሥር የአየር አረፋ እስኪጠፋ ሞላሁት። የገባው ዘይት የክፍሉ ልክ ነው። በቴስታውና በሲሊንደሩ መካከል የሚገባው ጓርኒሲዮን ውፍረቱ የሚይዘው ቦታ አለ፤ ፒስተኑም ጫፍ ሲደርስ ከላይ የምትተርፍ ክፍተት አለች፤ እነሱም ተደመሩ። ሁሉም አንድ ላይ ሰባ አምስት ሲሲ መጣ። ፒስተኑ ከታች ወደ ላይ ሲወጣ የሚጠርገው ደግሞ አምስት መቶ ሰማንያ አምስት ነው። ደምሪያቸው፤ ስድስት መቶ ስልሳ። ለሰባ አምስት አካፍዪው፤ ስምንት ነጥብ ስምንት። በስድስት መቶ ስልሳ ሲሲ ውስጥ ተዘርግቶ የነበረው አየር ተጨምቆ ሰባ አምስት ውስጥ ይገባል ማለት ነው። በአሮጌዎቹ ፒስተኖች ይኸው ሞተር ሰባት እጥፍ ብቻ ነበር የሚያምቀው።

ገጥሜው ቀጄላን ከጎኔ አስቀምጬ እስከ ሀና ማርያም ነዳሁት። ዳገቱን ሲወጣ ጭነት ያለው አይመስልም፣ ድምፁም እንደ አዲስ ነው። ቀጄላ «ይሄ የእኛ መኪና አይደለም» ብሎ እጁን መሪው ላይ ሊያስቀምጥ ለመነኝ። ሰጠሁት። ሲመለስ ፊቱ እንደ ሙሽራ በርቶ ነበር።

እኔ ግን ደስ አላለኝም፤ አንድ ነገር ይከነክነኛል፤ ምን እንደሆነ አላውቀውም። አንድ ሥራ ጀምሬ እተወዋለሁ። እስከ አቦ በር ሄጄ እመለሳለሁ፤ ለምን እንደሄድኩ አላውቀውም። ሌላ ጎድጓዳ ፒስተን እስካገኝ ሁለት ሦስት ሳምንት ብትታገሺኝ ይሻለኛል።

ፎቶሽን እማዬ አየችው። ፊትሽ መሙላቱ ደስ አሰኛት። ቆየት ብላ ደግሞ «ለምንድን ነው ከአንገት በላይ ብቻ ያነሷት?» ብላ ጠየቀችኝ። 

ሙሉሰው


መልካ ወረር
ኅዳር 13 ቀን 1988 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ሰላምታውን ዛሬ ይቅር በለኝ፤ ሱልጣን ሞተሩን አስነስቶ እየጠበቀኝ ነው።

ሂሳብህ ገብቶኛል። እኔም በራሴ ሠርቼው ስምንት ነጥብ ስምንት መጣልኝ። እሺ፤ ስምንት ነጥብ ስምንት ይሁን። መኪናው ይሄዳል ወይስ አይሄድም? ይሄዳል ብለሃል። ታዲያ ምን ታደርግበታለህ?

በዚህ ሳምንት አንዲት የአፋር ሴት ምጥ ጠንቶባት ዘመዶቿ በግመል አመጧት። እኛ ጋ የሚሆን አልነበረም። መኪና ስለሌለን ከእርሻው ትራክተር ለምነን ተሳቢው ላይ ፍራሽ አንጥፈን ወደ አዋሽ ላክናት። አብሬያት ልሄድ ስል ባልደረቦቼ ከለከሉኝ። እሷ ተረፈች። ልጁ መንገድ ላይ ሞተ። ትራክተር እኮ ነው ጋሼ፤ ሰው ከሚራመደው ብዙም አይበልጥ።

ሌላ ፒስተን እስካገኝ ልቆይ የምትለውን ተወው። አንተ የሚከነክንህን ስታስስ እዚህ የሚጠብቅ የለም። ስለ ፎቶው ደግሞ፣ ያነሳኝ ሰው እንዲያ አድርጎ አነሳኝ፤ እሱ ምን ያጠያይቃል?

መኪናውን ላክልኝ። እህትህ ሆኜ ነው የምለምንህ።

ቤተልሄም


መካኒሳ አቦ
ኅዳር 22 ቀን 1988 ዓ.ም.

እህቴ፣

መኪናው ይኸው። ደብዳቤውን ቀጄላ በእጁ ይሰጥሻል። አደራ፣ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ራሴ ይዤው ልወርድ ነበር፤ አልሆነም። የሌላ መኪና ካምቢዮ ከክሪኩ ላይ ተንሸራቶ እግሬ ላይ ወደቀ። አጥንቱ ተሰንጥቋል፤ እስከ ጉልበቴ በጄሶ ተጠፍሬ በረንዳ ላይ ተቀምጫለሁ። አትደንግጪ፣ ይድናል። የሚያመኝ መቀመጡ ነው።

ግን መቀመጤ አንድ ነገር ጠቀመኝ፤ ሲከነክነኝ የነበረውን አገኘሁት። ቀጄላ አጠገቤ ሆኖ ሲያወራ «እኛ ጋ እኮ አየሩ ራሱ ወፍራም ነው፣ እዚህ ዳገት ስወጣ ትንፋሽ ያጥረኛል» አለኝ። ነገሩ ያን ጊዜ በራልኝ። እኛ ከፍታ ላይ ነን፣ አየሩ ስስ ነው። ሞተሩ እዚህ በአንድ ትንፋሽ የሚስበው አየር ትንሽ ስለሆነ ዘጠኝ እጥፍ ገደማ ቢያምቀውም አይጎዳውም። እናንተ ጋ ያው ሞተር ብዙ አየር ይስባል፣ ያውም የጋለ። ያን ሁሉ እዚያችው ሰባ አምስት ሲሲ ውስጥ ሲጨምቀው ቤንዚኑ ካንዴላው እስኪለኩሰው አይጠብቅም፤ ቀድሞ ይፈነዳል። ፒስተኑ ገና ወደ ላይ እየወጣ ሳለ አናቱን ይመታዋል ማለት ነው። ብዙ ከቆየ ፒስተኑ ይበሳል።

መምጣቱን በድምፁ ታውቂዋለሽ። ጣሳ ውስጥ የተደረገ ጠጠር ሲንገጫገጭ የሚሰማው ዓይነት ነው። ነዳጅ ሲረገጥ ይብሳል። በዚያን ጊዜ መደረግ ያለበትን ለቀጄላ አሳይቼዋለሁ፤ ላንቺም ልጻፈው። ከሞተሩ ጎን ወፋፍራም ሽቦዎች ከአናቱ የወጡበት ጥቁር ክዳን ያለው ነገር አለ፤ ዲስትሪቢዩተር ይባላል። ከሥሩ ያለውን ብሎን በመፍቻ ላላ ማድረግ፣ ከዚያ ዲስትሪቢዩተሩን በቀይ ቀለም ቀስት ወደሠራሁበት አቅጣጫ ጥቂት ማዞር፣ መልሶ ማጥበቅ። ካንዴላው ያን ጊዜ ዘግየት ብሎ ይለኩሳል። ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ጠጠሩ ግን ዝም ይላል። ካልተወ ትንሽ መጨመር። እዚህ ሆኜ ከበፊቱ ዘግየት አድርጌዋለሁ። ይበቃ እንደሆነ ግን አላውቅም፤ እዚህ ድምፁ አይወጣማ።

ይህ ጊዜያዊ ነው። የጓርኒሲዮኑን ቦታ የሚያሰፋ ሁለት ሚሊ የመዳብ ሳህን እያስቆረጥኩ ነው። እሱ ሲገባ አሥራ ሦስት ሲሲ ያህል ቦታ ይጨምራል፤ እምቅታውም ወደ ሰባት ተኩል ይወርዳል። እግሬ እንደተፈታ ይዤ እመጣለሁ። እስከዚያ ቀስ ብላችሁ ንዱት፣ በቀትር ጭነት አታብዙበት።

ባትለምኚኝ አልልከውም ነበር። የትራክተሩ ነገር ነው ያሸነፈኝ።

ሙሉሰው


መካኒሳ አቦ
ታኅሣሥ 8 ቀን 1988 ዓ.ም.

ቤተልሄም፣

መኪናው ከሄደ ወዲህ አንድ መስመር እንኳ አልጻፍሽልኝም። «በደህና ደርሷል» የሚል ቃል ስጠብቅ ሰነበትኩ። ክራንቹን ይዤ እስከ አስፋልቱ እየወጣሁ የሱልጣንን መኪና ሳይ ነው የምውለው። እማዬ «ይህ ሰው እግሩ ሳይሆን ልቡ ነው የተሰበረው» ትላለች ለጎረቤት።

ዛሬ ጠዋት ሱልጣን መጣ። ገና ከመኪናው ሳይወርድ «እህትህ ደረሰች?» አለኝ። የት እንደምትደርሺ አላውቅም። የነገረኝን እጽፍልሻለሁ፤ ውሸት ካለበት አርሚልኝ።

ከትናንት ወዲያ ጥጥ ጭኖ ከወረር ሲመጣ፣ አዋሽ አርባ ሳይደርስ ላንድሮቨሩን ኮፈኑ ተከፍቶ መንገድ ዳር አገኘው። አንድ ቀጭን ሰው ሞተሩ ላይ ተደፍቷል። አንዲት ሴት ግራር ጥላ ሥር በጎኗ ተኝታ ከዚያው ሆና ለሰውየው የሚሠራውን ትነግረዋለች። ያቺ ሴት አንቺ ነሽ። ሱልጣን ምን ልርዳችሁ ሲል «መፍቻ አለህ?» ብለሽዋል። ሰጣችሁ። በእኔ መኪና ልውሰዳችሁ ቢል እምቢ አላችሁት። ብዙም ሳይቆይ ላንድሮቨሩ ተነስቶ አለፈው። ከዚያ ወዲያ አላያችሁም፤ ወዴት እንደምትሄዱም አልጠየቀም።

«ሰውየው ማን ነው? ቀጄላስ የት ሄደ?» አልኩት።

ሱልጣን የምቀልድ መስሎት አየኝ። «ባሏ ነዋ፣ ኤልያቄም። እያለቀሰ ነበር የሚፈታው። ልጅቷ እኮ ምጥ ላይ ናት።»

ቁጭ አልኩ። የሆድሽን መግፋት የወረር ሰው ሁሉ ያውቃል፣ የጥጥ ጫኝ ሁሉ ያውቃል። ቀጄላ ቤቴ ከርሞ፣ ከእማዬ እጅ በልቶ፣ አፉን ዘግቶ ሄደ። አሁን ስለዚህ ልነጋገርሽ አልፈልግም። አሁን ማወቅ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ አለሽ ወይ?

ለእማዬ ምንም አልነገርኳትም። ምን ብዬ እነግራታለሁ? ሱልጣን ነገ ሲመለስ ናዝሬት ገብቶ ሆስፒታሉን እንዲጠይቅ ይህን ደብዳቤ ሰጥቼዋለሁ። እዚያ ከሌለሽ ወረር ድረስ ይዞት ይሄዳል። አንቺ መጻፍ ካልቻልሽ ሰውየው ይጻፍልኝ። ባልሽ ይጻፍልኝ።

ሙሉሰው


ናዝሬት
ታኅሣሥ 12 ቀን 1988 ዓ.ም.

ጋሼዬ፣

አለሁ። ልጄም አለች። ሴት ናት። ይህን ካነበብክ በኋላ የቀረውን ተቀምጠህ አንብበው።

በኦፕሬሽን ነው የወለድኩት፤ ስፌቱ ስለሚይዘኝ እየቆየሁ ነው የምጽፍልህ። ኤልያቄም ልጻፍልሽ ቢለኝ እምቢ አልኩት። ይህን ከእኔ ነው መስማት ያለብህ።

ቀርቷል ያልኩህ አልቀረም ነበር። ባለፈው ጥር በእሱ ጉባኤ ፊት ተጋባን። እርሻው ላይ የሰብል ባለሙያ ነው፣ ታውቀዋለህ። ሽማግሌዎቹ ተመልሰው ሲመጡ ፊታቸውን ያየሁት እኔ ነኝ፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ሽማግሌ ላክ ልለው አልቻልኩም። ልጽፍላችሁ ስንት ጊዜ ጀመርኩ። ለእማዬ የምጽፈውን የምታነብላት አንተ ነህ፤ እንዴት ብለህ ድምፅህን አውጥተህ እንደምታነበው ሳስብ እቀደዋለሁ። መኪናውን በኅዳር መጨረሻ ያልኩህም ለወሊዴ ብዬ ነበር። ሌላዋን ሴት ተሳቢ ላይ ካሳፈርኩ በኋላ የራሴ ቀን ሲመጣ በምን እንደምሄድ ማሰብ ፈራሁ።

ውሃዬ የፈሰሰው ከቀኑ ቀድሞ ነው። ባልደረባዬ አይታኝ ፊቷ ተለወጠ። ነርስ ነኝ፣ ሳትነግረኝ ገባኝ። የልጅቷ እግር ነበር የቀደመው። ቀጄላ በዚያው ሳምንት ወባ ጥሎት አልጋ ላይ ነበር፤ ቀና ማለት እንኳ አይችልም። ኤልያቄም ከትራክተር በቀር ብዙ ነድቶ አያውቅም። ቁልፉን አንስቶ «እንሂድ» አለኝ።

ከወረር ወጥተን ጥቂት እንደሄድን ጀመረ። ጣሳ ውስጥ ያለ ጠጠር ብለህ የለ፤ ልክ እሱው ነው። ኤልያቄም መኪናው የደከመ መስሎት ነዳጁን አብዝቶ ረገጠ። ባሰበት። ከሞተሩ የሚወጣው ሙቀት እግሬ ድረስ ይሰማኛል፤ መኪናውም እየዘገመ መጣ።

«አቁም» አልኩት።

«ቤቲ፣ መቆም አንችልም።»

«ካላቆምከው ራሱ ይቆማል።»

አቆመ። ደብዳቤህ ቤት ቀርቷል፤ ግን ደጋግሜ ስላነበብኩት ቃሉን አልረሳሁትም። ወንበሩ ላይ መቀመጥ ስላልቻልኩ አውርዶ ጥላ ሥር አስተኛኝ። ከዚያ ሆኜ ነገርኩት። ጥቁር ክዳን ያለው፣ ሽቦ የወጣበት፣ ከሥሩ ብሎን። ብሎኑን አገኘው፤ መፍቻ ግን የለንም። ቀጄላ መፍቻውን የት እንደሚያስቀምጥ ማን ያውቃል? ሱልጣንን እግዜር ነው የላከው። በእኔ መኪና ሂዱ ሲለን፣ ያ ተሳቢ ጥጥ ጭኖ እንዴት እንደሚሄድ አውቀዋለሁ። ትራክተሩን አስታወሰኝ። እምቢ አልኩ።

ምጡ ሲመጣ ኤልያቄም ሥራውን ትቶ ወደ እኔ ይሮጣል፤ እመልሰዋለሁ። መፍቻው ሁለት ጊዜ ከእጁ አመለጠ። ያኔ ነው ያለቀሰው። ትክክል ነው፣ ሱልጣን አልዋሸህም። ቀስቱን አይቶ ትንሽ አዞረው፤ አስነሳውና ነዳጅ ሰጠው፤ ጠጠሩ ቀነሰ እንጂ አልተወም። ጨምር አልኩት። ጨመረ። ዝም አለ።

ከዚያ በኋላ ጉልበት አልነበረውም። መተሐራን አልፈን ዳገት ዳገቱን ስንይዝ እንደ ሽማግሌ ነበር የሚወጣው፤ ግን አንዴም አልቆመም። እዚህ ስንደርስ ሐኪሙ የልጅቷን ልብ አዳመጠና ወዲያው አስገቡኝ። ስነቃ ኤልያቄም እጁ በግሪስ እንደጠቆረ አጠገቤ ቆሟል። ልጅቷን አልነካም ብሏል፤ ግሪሱ አልለቅ አለው። ትንሽ ናት፤ ግን ጡት እንዴት አጥብቃ እንደምትስብ ብታያት።

ሞተሩን አትውቀስ፣ ራስህንም። ጎድጓዳ ፒስተን እስኪገኝ ብትጠብቅ ኖሮ ያን ቀን መኪና የለንም ነበር።

ለእማዬ አንተ ንገራት። ብጽፍላትም የምታነብላት አንተው ነህ። መምጣት ካልፈለገች አልፈርድባትም። ብቻ ደህና መሆኔን ንገራት።

ቤተልሄም


መካኒሳ አቦ
ታኅሣሥ 16 ቀን 1988 ዓ.ም.

እህቴ፣

እንኳን እግዚአብሔር ማረሽ። ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰኝ። የመጀመሪያውን መስመር አንብቤ ለረጅም ጊዜ ሌላውን ማንበብ አቃተኝ።

ስለ መደበቅሽ ልጽፍልሽ ያሰብኩት ብዙ ነበር። ሁሉም ቀርቷል። ስለ ሞተሩ ግን አንድ ነገር ልበል፤ በሁለተኛው ላይ ጨምር ማለትሽ ልክ ነበር። የመጀመሪያውን ይዛችሁ ብትሄዱ ኖሮ መተሐራን አታልፉም ነበር። መኪናውን ከሆስፒታሉ ግቢ ማንም እንዳያንቀሳቅሰው። የመዳቡ ሳህን ተቆርጦ አልቋል፤ በጨርቅ ጠቅልዬ ሻንጣዬ ውስጥ ከትቼዋለሁ። እዚያው ናዝሬት ከፍቼ አስገባዋለሁ። ያን ጊዜ ቆላም ይውረድ ደጋ ይውጣ ግድ የለኝም።

አሁን የእማዬን ነገር ልንገርሽ።

ጓሮ ገብስ ስታሰጣ አገኘኋትና አጠገቧ ተቀመጥኩ። ከየት እንደምጀምር ስላላወቅኩ ደብዳቤሽን አውጥቼ ከላይ እስከ ታች አነበብኩላት። ያልሽው ልክ ነው፤ ድምፅን አውጥቶ ማንበቡ ከባድ ነው። የጋብቻው ላይ ስደርስ ገብሱን በእጇ ስታገላብጥ ነበር። ግራሩ ሥር ስትደርሺ እጇ ቆመ። ስጨርስ ነጠላዋን አንስታ ወጣች። በዚያ ጉልበቷ እስከ አቦ ሄደች። ክራንቼን ይዤ ልከተላት አስቤ በሩ ላይ ቀረሁ። የሄደችው ልታለቅስ ይሁን ልትራገም አላውቅም ነበር፤ ሰዓቱም አልገፋ አለኝ። ባልነግራት ይሻል ነበር ይሆን እያልኩ፣ አንዴ ስነሳ አንዴ ስቀመጥ ቆየሁ።

ስትመለስ ፊቷ ታጥቧል። አጠገቤ ተቀመጠችና «ሙሉሰው» አለችኝ፤ «ልጄ በምጥ ተይዛ ሜዳ ላይ ሞተር ስታበጅ፣ እኔ እዚህ ተቀምጬ ማንን ነው የማኮርፈው?»

ከዚያ በኋላ ጉዳዩ ከእጄ ወጣ። ገብሱ ለገንፎ ተቆልቶ ተፈጭቷል። ቅቤው ተነጥሯል። ለጎረቤት ሁሉ «ልጄ ወልዳለች» ብላ ተናግራለች። መቼ አገባች ለሚላት «ጥር» ትላለች፤ ሰርጉ ላይ የነበረች ይመስል። የእኔን ጄሶ አሳይቼ እግሬ እስኪፈታ እንቆይ ብላት «አንተን እኔ እደግፍሃለሁ» አለችኝ። አንዱ በእግሩ ሌላዋ በጉልበቷ እያነከስን እንዴት አውቶቡስ እንደምንሳፈር የሚያይ ይየን። ነገ ጠዋት እንነሳለን። ይህን ደብዳቤ ሱልጣን ዛሬውኑ ቀድሞ ያደርስልሻል፤ ድንገት በራፉ ላይ ስታዪያት እንዳትደነግጪ ብዬ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ፈርቼ ነበር፤ ክርስትናውን። ልጅቷ በየትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደምትነሳ ሁለታችሁ ሳትነጋገሩበት አልቀራችሁም፤ እማዬም ዝም የምትለው ነገር አይደለም። መንገድ ላይ ከሚፈነዳ ብዬ ማታ እራት ላይ አነሳሁባት። ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«እሱን እዚያ ስደርስ ከአማቼ ጋር እነጋገራለሁ» አለች።

አማቼ ነው ያለችው። እኔ የጨመርኩት የለም።

ወንድምሽ ሙሉሰው